የዓሣ ገንዳችን ድንጋዮች

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ለሕፃናት ማቆያ ክፍላችን የዓሣ ገንዳ እንዲገዛ ተስማምተን፣ ውስጡ እንዴት እንደሚያምር እኔ እንዳስረዳ አዛችሁኛል። ሙያዬ ሒሳብ ቢሆንም እንዲህ ያለ ገንዳ ቤቴ ስላለ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ድንጋዩን ለዓሦቹ መጠለያ እንዲሆን አድርገን ከደረደርነው ለዓይንም ያምራል። ለዓይን ብቻ ብለን ከደረደርነው ግን ዓሣውንም ገንዘባችንንም እናጣለን።

የመረጥናቸው ዓሦች ሲክሊድ ከሚባለው ወገን ናቸው። ወገኑ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ከዝዋይና ከሐዋሳ የሚመጣልን ቆሮሶም ሲክሊድ ነው። የምንገዛቸው ግን የማላዊ ሐይቅ ተወላጆች፣ ምቡና የሚባሉ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ዓሦች ናቸው። በአገራቸው የሚኖሩት በሐይቁ ዳር በተከመረ ቋጥኝ መካከል ነው። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ልባስ ይግጣሉ፤ በስንጥቁ ይደበቃሉ። ወንዱ አንድ ዋሻ ይይዝና የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ሦስት ሳምንት ያህል ትቆያለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። መሸሸጊያ ካጣች ወንዱ እያሳደደ ሊገድላት ይችላል። እንግዲህ ድንጋዩ ለእኛ ጌጥ ቢሆን ለእሷ የአራስ ቤት ነው።

ከሁሉ በፊት ክብደቱን እንቁጠር። ያሰብነው ገንዳ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 240 ሊትር፣ ማለትም 240 ኪሎ ውኃ ይይዛል። 50 ኪሎ ድንጋይ ስንጨምር 18 ሊትር ያህል ውኃ ቦታውን ይለቃል፤ ጭነቱ 272 ኪሎ ይደርሳል። የመስታወቱና የአሸዋው ክብደት ገና አልተደመረም። ይህን ተራ ጠረጴዛ አይችለውም፤ በበጀቱ ላይ ከብረት የተበየደ መቆሚያ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ለዓሦቹ መድኃኒት ሲለካም የሚታሰበው የቀረው ውኃ እንጂ 240ው ሊትር አይደለም።

ለድንጋዩ ብር አናወጣም። ለቤት መሠረት የሚውለው ጥቁር ድንጋይ ይበቃናል። ጠርዙ የተሳለ፣ የሚፈረፈር ወይም የሚያብረቀርቅ የብረት ጅማት ያለበት ግን አይሁን። ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት አረፋ የሚያወጣ ድንጋይ ኖራ አለበት፤ ለአንዳንድ ዓሦች ባይሆንም ለማላዊዎቹ ይስማማቸዋል። በብሩሽና በውኃ ብቻ ይታጠብ፤ ሳሙና አይንካው። አይቀቀልም፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ሊያፈነዳው ይችላል።

አሁን ወደ አደራደሩ ልምጣ። ትልልቆቹ ድንጋዮች ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ ተደርጎላቸው በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ይቀመጣሉ። አሸዋው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ምቡና ቆፋሪ ስለሆነ፣ ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ካረፈ ከሥሩ ይቦረቡረውና ክምሩ መስታወቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ልጆች ስላሉ በዚህ ላይ ድርድር የለም። እያንዳንዱ ድንጋይ እንደ ድስታችን በሦስት ጉልቻ ይረፍ፤ በእጅ ሲነቀነቅም አይነቃነቅ።

እንዲያምር ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ መጠኑ ግን ይለያይ። ትልቁን ክምር ከመሐል ወደ አንድ ጎን፣ ትንሹን በሌላው ጎን አድርገን፣ በመካከላቸው ባዶ አሸዋ እንተው። ከኋላ ከፍ፣ ወደ ፊት ዝቅ ይበል። ዓሣ እንዳይቀረቀርና ለማጽዳት እንዲመች ከመስታወቱ አራት ጣት ይራቅ። ዋሻው ሁሉ መግቢያና መውጫ ይኑረው፤ አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለምትሸሽ ዓሣ ወጥመድ ነው። ጥቂት ቀዳዳዎች ትልቁ ወንድ የማያልፍባቸው ጠባብ ይሁኑ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። እዚህ ግን ያጣፍጣል! አዲስ ዓሣ በሚገባበት ቀን ድንጋዮቹን ብንቀያይር ነባሮቹም ድንበራቸው ስለሚጠፋባቸው እንደ እንግዳው ቦታ ፍለጋ ይጀምራሉ፤ ጠቡም ይበርዳል። እጃችንን ከመክተታችን በፊት ግን ማሞቂያው ከሶኬት ይነቀል። በአፏ እንቁላል የያዘች ካለችም ልጆቿን እስክትለቅ እንታገሥ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ድንጋይ የምታገኙ ሁለት ሁለት ይዛችሁ ኑ። የገንዳውን ልክ በጠመኔ ወለሉ ላይ እናሰምርና መጀመሪያ እዚያ ደርድረን እናያለን። ከመስመሩ ያለፈውን እንቀንሳለን፤ የተነቃነቀውን እናስተካክላለን፤ በር ያጣውን ዋሻ እንከፍታለን። ከዚያ በኋላ ነው ውኃው የሚሞላው።