ኔትወርኩ ሲዘጋ በየት ይገባል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ኬብል ነው። የኔትወርክ ኮርስ የጀመራችሁ፣ ወይም ከጻባ ወጥታችሁ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ ልጆች በደንብ ስሙኝ። እኔ ይህችን ኬብል ያወቅኋት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አይደለም፤ በሌሊት፣ ላብ እያጠመቀኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወሬ ነበር። አንድ ቀን ማታ ቴል አቪቭ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ቤር ሼቫ ያለ የአንድ ደንበኛ ስዊች ላይ ከርቀት ገብቼ ቪላን እቀይራለሁ። አንድ ቁጥር ተሳሳትኩ። የተሳሳትኩት ደግሞ እኔው ራሴ በገባሁበት መስመር ላይ ነው። ስክሪኑ ቀጥ አለ። ትእዛዞቹን አንድ ላይ ለጥፌ ስለላክኋቸው፣ የመጨረሻዋ "ሴቭ አድርግ" የምትለዋም አብራ ገብታለች። ስለዚህ ስዊቹን አጥፍቶ ማብራትም አይጠቅምም፤ ስህተቴን ይዞ ነው የሚነሳው። ጠዋት ሠራተኞቹ ሲገቡ ስልኩም ኮምፒውተሩም አይሠራም ማለት ነው። ላፕቶፔን ይዤ ወደ ደቡብ ነዳሁ።

እዚህ ላይ ኮንሶል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስዊች ወይም ራውተር ላይ፣ ከሌሎቹ ፖርቶች ለየት ብላ "ኮንሶል" የሚል የተጻፈባት አንዲት ቀዳዳ አለች። አይፒ አድራሻ አትጠይቅም፣ ኢንተርኔት አትጠይቅም። ከላፕቶፓችሁ በሽቦ ቀጥታ መሣሪያው ውስጥ ታስገባችኋለች። የፊት ለፊቱ በር ሲቆለፍ በጓዳ በር እንደ መግባት ነው። አርኤስ 232 የሚባለው የሲሪያል ግንኙነት ደንብ በፈረንጆቹ 1960 የወጣ ነው። አሮጌ ነው፣ ግን ሌላው ሁሉ ሲወድቅ እሱ ይቆማል።

ኬብሏ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋና ውሃ ሰማያዊ ናት። አንዱ ጫፏ የኔትወርክ ኬብል የሚመስል አርጄ 45 ነው፤ ሌላው ባለ 9 ቀዳዳ ሰፋ ያለ መሰኪያ ነው። ያ ባለ 9 ቦታ ዛሬ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ የለም፤ ስለዚህ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል። የኔትወርክ ኬብል መሰለች ብላችሁ ደግሞ በተራው ፖርት እንዳትሰኳት፤ ምንም አይመጣም።

ደርሼ ሰካሁ። ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቼ ሲሪያል የሚለውን መረጥኩ። ጥቁር ስክሪን። ኢንተር ተጫንኩ፣ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ኬብሉን ስነቅል ስሰካ ቆየሁ።

ለምን አልደወልክም ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልናገር። በቡድናችን ውስጥ ኢትዮጵያዊ እኔ ብቻ ነበርኩ። "አያችሁ፣ እሱ አይችልም" እንዳይሉኝ ፈራሁ። የእኔ ስህተት በእኔ ብቻ የሚቀር አልመሰለኝም፤ ከኔ በኋላ ለሚመጣው የኛ ልጅም የሚተርፍ መሰለኝ። ይሄን ሸክም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኮንሶልን በኮርስ ያየሁት ኮምፒውተር ላይ በማስመሰያ ፕሮግራም ነው፤ በእጄ ሰክቼ አላውቅም ነበር። ያንንም ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ ደወልኩ። በዕድሜም በሥራም የሚበልጠኝን ባልደረባዬን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። "ምን አደረግህ?" አላለኝም። "ምን ይታይሃል?" ነው ያለኝ።

"ጥቁር ነው" አልኩት።

"ስንተኛው ኮም ላይ ነህ?"

ኮም 1 ላይ ነበርኩ፤ ፑቲ ሲከፈት የሚያመጣው እሱን ነው። "ዲቫይስ ማናጀርን ክፈት፤ አዳፕተሩን ንቀልና መልሰህ ሰካው። ጠፍታ የምትመለሰው ቁጥር ያንተ ናት" አለኝ። ኮም 4 ሆና ተገኘች። ምንም ቁጥር ባትመጣ ኖሮ ድራይቨሩ የለም ማለት ነበር።

ኮም 4 ብዬ ኢንተር ስጫን ስክሪኑ ላይ እንግዳ ምልክቶች ተበተኑ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ ሳቀ። "ጥሩ ነው! እያወራህ ነው። ፍጥነቱ ነው ያልገጠመው።"

እኔ በኮርስ እንደተማርኩት 9600 አድርጌ ነበር። የሲስኮ መሣሪያዎችና ሌሎችም ብዙዎች እንደዚያ ናቸው። ያ ስዊች ግን 115200 ነበር። ሁለቱ ወገኖች በእኩል ፍጥነት ካልተነጋገሩ ፊደሉ ይበላሻል። የቀረው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ 8 ዳታ ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት፣ ፍሎው ኮንትሮል የለም። ጽሑፍ እየታያችሁ መጻፍ ካቃታችሁ መጀመሪያ ፍሎው ኮንትሮሉን እዩ።

115200 አስገባሁ። ኢንተር። የመግቢያ ስም ጠየቀኝ! ቪላኑን አስተካከልኩ፤ መስመሩ መመለሱን አረጋገጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ሴቭ አደረግሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ጠዋት ለአለቃዬ "ስህተቱ የኔ ነው፣ እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ተቆጣኝ። ግን ያንን ጽሑፍ ለሌሎቹም እንድልክ አዘዘኝ። ለካ ከነሱም መካከል ኮንሶል በእጁ ሰክቶ የማያውቅ ነበረ።

እንግዲህ ምክሬ ይቺ ናት። ኬብሏና አዳፕተሩ ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑሩ፤ ድራይቨሩን ኢንተርኔት ባለበት ቤታችሁ ቀድማችሁ ሞክሩት። በሲስኮ መሣሪያ ከርቀት አደገኛ ለውጥ ስታደርጉ መጀመሪያ "ሪሎድ ኢን 10" በሉት። ተቆልፋችሁ ብትቀሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ጠፍቶ ይነሳና ወደ ድሮው ይመለሳል። ደህና ከሆነ "ሪሎድ ካንስል" ትላላችሁ። እስከዚያ ሴቭ የለም! የመሣሪያውን ካቢኔም ቆልፉ፤ ኮንሶሉ ጋ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃሉንም ማለፍ ይችላል።

ሲጨንቃችሁ ደግሞ ደውሉ። "አልሠራም" ብላችሁ ብቻ ሳይሆን የሚታያችሁን ተናገሩ። ወላጆቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔን ያን ሌሊት አንድ ሰዓት ያስበላኝ ኬብሉ አልነበረም፤ አላውቅም ማለትን መፍራቴ ነበር።