አየር የሚይዛት ሮኬት



በእኛ በሐሙሲት ሜዳ ማለት የገበሬ ማሳ ነው። ሮኬት ርቃ ከወደቀች ሰብል ረግጦ ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ ለተማሪዎች የምመክረው ዝቅ ብላ በርራ እዚያው የምትወድቀውን ነው።

ሃይላንድ ላይ እስከ ሲሶው ውሃ ጨምሩ፤ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ እንደ ጃንጥላ የሰፋ የፕላስቲክ ቀሚስ ከበስተጀርባ አልብሱት፤ በብስክሌት መንፊያ ነፍታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ በገመድ ልቀቁት። ቀሚሱ ያዘገያታል፤ ጭራዋን ስለሚይዝም አፍንጫዋ አይገለበጥም። ወርዱን እጥፍ ብታደርጉት በዚያው ፍጥነት የአየሩ መጎተት አራት እጥፍ ይሆናል።

ደብረ ታቦር ስትወጡ ደግሞ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። መጽሐፉ በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎ ይላል፤ እዚያ 0.94 አካባቢ ነው። ያቺው ሮኬት ከፍ ትላለች፤ ቀሚሷም መስፋት አለበት። ይህን በሰሌዳ ያሰላ ብዙ ነው፤ በዓይኑ ያየው ግን ስንቱ ነው?

እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ሴባስቶፖል የተሠራችው በእጅ ተሞክሮ ነው። መምህሮቻችን፣ አደራ፤ በየሴሚስተሩ አንድ ከሰዓት ሜዳውን ለልጆቹ ስጧቸው።