ስንቅና ጎተራ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣላችሁ የፈለግነው ጉዳይ የዘማች ስንቅ ነው። «ስለ በሶ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን የወታደሩ ብቻ ሳይሆን የገበሬው ጎተራም ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው የዱሮ ዘማች የታሸገ ምግብ የሚያድለው አልነበረም። ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። የጎጃም ሠራዊት በ1888 ዓ.ም. በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ወደ ዐድዋ፣ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በራስ እምሩ መሪነት ወደ ሽሬ ሲዘምት እንዲሁ ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና በርበሬ የዘማች ምግብ የሆኑት በምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለሸክም ይቀላሉ። ሁለተኛ፣ ደረቅ ስለሆኑ ቶሎ አይበላሹም። ሦስተኛ፣ እሳት አይጠይቁም፤ በሶ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ጭስ ወጥቶ ለጠላት አያሳብቅም። ገብሱን የቆላችው፣ የፈተገችውና የፈጨችው እናት ግን ስሟ የትም አልተጻፈም።

ስንቅ ሲያልቅስ? በዐድዋ ጦርነት ዋዜማ የሁለቱም ወገን ስንቅ እየተመናመነ ነበር። የተራበ ሠራዊት ደግሞ የሚያየው የገበሬውን ደጅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊቆርጡለት የሞከሩት፣ ዐፄ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት ደንግገው ወታደሩ ገበሬው ቤት እየሰፈረ እንዳይበላ ያዘዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

በውጭው ዓለም ስንቅ በፋብሪካ ይታሸግ ጀመር። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኬ ራሽን» የሚባለውን አወጡ፦ ቁርስ፣ ምሳና እራት በሦስት ካርቶን፤ ብስኩት፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቡና፣ ማስቲካ፣ ሲጋራ ሳይቀር። የታሰበው ለጥቂት ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በበርማ ጫካ ለብዙ ወራት ሲበሉት ግን ወታደሮቹ ከስተው አለቁ። የኛም ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪያ ሲዋጋ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለነበር ስንቁ ከዚያው ሠራዊት ነበር የሚመጣው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ በበላያ በኩል የመጣው የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር። ግመሎቹ ዳገቱና ብርዱ አልስማማ ብሏቸው በብዛት አለቁ። በየካቲት ወር ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲሸሽ አርበኛውን ያቆመው የገጠሩ እህል ነበር። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ በወረረችን ጊዜም በየቀበሌው እናቶች ተሰብስበው ደረቅ ስንቅ ማዘጋጀታቸውን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ።

ወገኖቻችን፣ ጦርነት ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

1ኛ) መንገድ ሲዘጋ ገበያም ይዘጋልና በየቤቱ ጥቂት በሶና ዳቦ ቆሎ ይኑር። በሶው በደንብ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ አይከተት፤ ያልበዋል፣ ይሻግታል። የገዛችሁት የቆርቆሮ ምግብ አብጦ ከተገኘ ሳትከፍቱ ጣሉት፤ ይመርዛል።

2ኛ) ሙያው ከእናቶች ጋር እንዳይቀበር ሴቱም ወንዱም ልጅ ቆሎ ማመስ፣ ገብስ መፈተግ ይማር።

3ኛ) የዘር እህል ከሚበላው ተለይቶ ይቀመጥ። የታጠቀ ሁሉ፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ስንቁን ራሱ ይያዝ፤ የገበሬውን ዘር አይንካ። ዘር የተበላበት ገበሬ የከርሞውን ነው የተቀማው።