የሞተር ብስክሌት ጉልበት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ስንወጣ ሞተር ብስክሌት ዳገት ላይ ሲለግም እናያለን። ነጂው በሦስተኛ ማርሽ እንዳለ ነዳጅ ብቻ ይጨምራል። ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ከኋላ ሰው ተፈናጦ እንደሆነ ወደ ገደል መንሸራተትም አለ።

የሞተር ጉልበት ያለው በዙሩ ነው። ዙር ማለት የሞተሩ ዘንግ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ሲያንስ ጉልበት የለም፤ ሲበዛ ሞተሩ ይግላል፣ ቤንዚን ይፈጃል። መካከለኛው ይሻላል። በሬም ቢሆን ሲጣደፍ ሞፈር ይሰብራል! ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚን ያለ አየር አይነድምና ሞተሩ ይደክማል።

ዙር መቁጠሪያ ባይኖር ጆሮ አለን። ሞተሩ ማጉረምረም ሲጀምር ሁለተኛ ማርሽ እናስገባ። ድምፁ ሳይጮኽ፣ ሳይንተፋተፍ እኩል ከሄደ ዙሩ ያ ነው። ስንወርድም ማርሹን አናውጣ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘናል፣ ፍሬኑም ቶሎ አይግልም።