ግራፊን በብረታ ብረት ገጽ ላይ፦ ኤሌክትሮኖቹ ምን ይሆናሉ?



አንድ አቶም ብቻ ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ በኒኬል ክሪስታል ላይ አበቀልን እንበል። ያገኘነው ግራፊን ነውን? በአቶሞቹ አሰላለፍ ከሆነ፣ አዎን፤ የማር እንጀራው ቅርጽ ሳይጓደል ይታያል። በኤሌክትሮኖቹ ከሆነ ግን መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም።

በነጻው ግራፊን ውስጥ የእያንዳንዱ ካርቦን አራተኛ ኤሌክትሮን የሚገኝበት ኦርቢታል ከንጣፉ በላይና በታች የተዘረጋ ነው። ከእነዚህ ኦርቢታሎች የሚወለዱት ሁለት ባንዶች በነጥብ ላይ ብቻ ይገናኛሉ፤ በዚያም የዲራክን ሾጣጣ ይሠራሉ። የግራፊን ዝና ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ንጣፉ የሚሸሸግበት ውስጥ የለውም፤ ሁለመናው ገጽ ነው። ስለዚህ ያ ኦርቢታል ከሥሩ ካለው ብረት ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

በኒኬል ላይ ንጣፉ 0.21 ናኖሜትር ያህል ቀርቦ ይተኛል፤ በግራፋይት ውስጥ በንጣፎች መካከል ያለው ርቀት 0.335 ናኖሜትር መሆኑን አስታውሱ። የካርቦኑ ኦርቢታሎች ከኒኬሉ 3ዲ ኦርቢታሎች ጋር ይዳቀላሉ፤ ባንዱ በ2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሾጣጣውም ይፈርሳል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የሁለቱ ክሪስታሎች ልኬት መመሳሰል ነው፤ ግራፊን 0.246፣ ኒኬል 0.249 ናኖሜትር። ይህ ማብራሪያ እኔን አያረካኝም። ሩቴኒየምና ኢሪዲየም በገጻቸው ላይ ያላቸው የአቶም ርቀት እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 0.27 ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ ከግራፊንም በ10 በመቶ ያህል ይሰፋሉ። ሆኖም ሩቴኒየም ንጣፉን አጥብቆ ይይዛል፤ በኢሪዲየም ላይ ግን ሾጣጣው ይተርፋል፤ የዲራኩ ነጥብም ከፌርሚ ደረጃ 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት የዲ ባንዱ ምን ያህል እንደሞላና የት እንዳለ ነው። መዳብም ይህን ያጠናክራል፤ የዲ ባንዱ ሞልቶ ከፌርሚ ደረጃ በታች ጠልቆ ስለሚገኝ ግራፊንን የሚይዘው በስሱ ነው። ከመዳቡ ወደ ንጣፉ ኤሌክትሮን ይተላለፋል እንጂ ሾጣጣው በዋናው ቅርጹ ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ደግሞ በኒኬሉና በግራፊኑ መካከል የወርቅ አቶሞችን አስገብቶ፣ የፈረሰው ሾጣጣ እንደገና መቆሙን በፎቶኤሌክትሮን መለኪያ አሳይቷል። ካርቦኑም ኒኬሉም እዚያው ናቸው፤ የተጨመረው አንድ ስስ የወርቅ ንጣፍ ብቻ ነው። በማይክሮስኮፕ የታየ የማር እንጀራ ምስል ይዛችሁ ወደ እኔ ስትመጡ፣ የባንዱን መለኪያ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ስለዚህ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ።