ወደ ውኃው የሚያወርድ ደረጃ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጆች በሕንድ አገር ስለ ቆየሁባቸው ስድስት ሳምንታት እንድናገር ሲጠይቁኝ፥ የሚፈልጉት ስለ ተላክሁበት ሥልጠና ይመስለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከሥልጠናው ያገኘሁት ትምህርት ከመጻሕፍትም ሊገኝ የሚችል ነው። ከሕዝቡ ኑሮ የተማርሁት ግን በሥራዬ ላይ የነበረኝን አስተያየት ስለ ለወጠው፥ ዛሬ የማቀርብላችሁ ይህን ሁለተኛውን ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ወደ ሕንድ ከመሄዴ ከሦስት ዓመት በፊት፥ በአንድ የገጠር ቀበሌ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ያለው የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ንድፉን ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። ጥልቀቱ በሚገባ ተለክቷል፤ ውኃው ተመርምሯል፤ ሲሚንቶም አልተቆጠበም። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ግን የፓምፑ እጀታ ተሰብሮ፥ አጥሩም ፈርሶ አገኘሁት። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ጥንቱ ምንጭ ይወርዱ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት፥ «እማማ፥ ንጹሑን ውኃ ትተው ስለ ምን ወደዚያ ይወርዳሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ምንጩ የእኛ ነው። ይህ ግን የመንግሥት ነው፤ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?» አሉኝ። ወደ ሕንድ የሄድሁት ይህን ጥያቄ በልቤ ይዤ ነው።

ያረፍሁት በምዕራብ ሕንድ በጉጅራት ግዛት፥ በአሕመዳባድ ከተማ፥ በአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ነበር። መንገደኛ በባዕድ አገር አስቀድሞ የሚያስተውለው ከአገሩ ጋር የሚመሳሰለውን ነው። እኔም ቤት ሲገባ ጫማ መውለቁን፥ በቀኝ እጅ መበላቱን፥ እንግዳው «በቃኝ» እያለም እየደጋገሙ መጨመራቸውን አይቼ ደስ አለኝ። አትክልትና ጥራጥሬ ብቻ የሚቀርብበት ገበታቸው የጾም ምግባችንን አሳሰበኝ። ለቤተ ሰቡ ግን ይህ የወራት ጾም ሳይሆን፥ ነፍስ ያለውን ላለመጉዳት የሚጠበቅ የዕድሜ ልክ ሥርዓት ነው። ደግሞም ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት አይወዱም፤ ከወንድ ስም ቀጥለው «ባይ» ማለትም ወንድም፥ ከሴት ስም ቀጥለው «ቤን» ማለትም እኅት ይላሉ። ሁለተኛው ሳምንት ሳይፈጸም ለእኔም ስም «ባይ» ተጨመረለት። ሆኖም የሚመሳሰለውን ብቻ እየለቀምሁ ብቆይ ኖሮ፥ የራሴን አገር ጎብኝቼ በተመለስሁ ነበር።

መምህሩ ከሐበሻ መምጣቴን ሲያውቁ መጀመሪያ የወሰዱኝ በከተማይቱ መካከል ወደሚገኘው ወደ ሲዲ ሰይድ መስጊድ ነው። ይህ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1573 የተፈጸመ ሲሆን፥ አሠሪው ከሐበሾች ወገን ነበር። «ሲዲ» ከአፍሪካ ለሄዱ ሰዎችና ለዘራቸው በዚያ የተሰጠ ስያሜ ነው። በመስኮቱ ላይ ከድንጋይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለው፥ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ ዛፍ ዛሬ የከተማይቱ ምልክት ሆኖ ይታያል። መምህሩ በዚያ ቆመው ስለ መሊክ አምባር አጫወቱኝ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በአገራችን ተወልዶ በባርነት ተሸጠ፤ በዓረብ አገሮች በኩል አልፎ በደቡብ ወደሚገኘው ወደ ደካን ደረሰ። በዚያም የአሕመድናገር መንግሥት እንደራሴ ለመሆን በቃ። የሞጉልን ሠራዊት ለብዙ ዓመታት ከመቋቋሙም ሌላ፥ ኋላ አውራንጋባድ ለተባለችው ለካድኪ ከተማ ከኮረብቶች በምድር ውስጥ ለውስጥ ቦይ ውኃ አስመጣላት። እ.ኤ.አ. በ1626 ሲሞት በስደት ምድር ስሙን ካቆዩለት ሥራዎች አንዱ የውኃ ሥራ መሆኑን ስሰማ፥ እንደ ሙያ ልጅነቴ ኮራሁ፤ የራሴም ጉድጓድ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከከተማው በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ አዳላጅ ሄድን። በጉጅራት «ቫቭ» የሚሉት ደረጃማ ጉድጓድ በዚያ አለ። በንግሥት ሩዳባይ ስም የተሠራ ሲሆን፥ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1499፥ በሱልጣን ማሕሙድ ቤጋዳ ዘመን ነው። ከላይ ሲታይ ከምድር ጋር የተስተካከለ የድንጋይ መድረክ ብቻ ይመስላል። በሦስት አቅጣጫ የሚወርዱት ደረጃዎች ግን በአንድ ስፍራ ተገናኝተው፥ አምስት ፎቅ ያህል ወደ ታች ያወርዳሉ። በየፎቁ የተተከሉት ዓምዶችና አግዳሚዎቹ ለጌጥ ብቻ የገቡ አይደሉም፤ በግራና በቀኝ የሚመጣውን የአፈር ግፊት ተቀብለው ግድግዳዎቹን ይደግፋሉ። በዚያ አገር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርድና ያቆማል። ስለዚህ ውኃው በበጋ ሲሸሽ ሰው ደረጃውን ይዞ ይከተለዋል፤ በክረምት ሲሞላ ደግሞ ደረጃው በውኃ ይዋጣል። ጥላውም የፀሐዩን ትነት ይቀንሳል።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። በፓታን ከተማ የሚገኘውና ራኒ ኪ ቫቭ የተባለው በ11ኛው መቶ ዓመት በንግሥት ኡዳያማቲ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 64 ሜትር፥ ወርዱ 20 ሜትር፥ ጥልቀቱ 27 ሜትር ያህል ይሆናል። የሳራስዋቲ ወንዝ ጎርፍ በደለል ሞልቶት ለብዙ ዘመን ተቀብሮ ኖሮ ሳለ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት ተቆፍሮ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እኔም፥ «ውኃ ለመቅዳት ገመድና ባልዲ ይበቃ የለምን? ስለ ምን ይህን ያህል ደከሙ?» ብዬ መምህሩን ጠየቅኋቸው። «በገመድ የሚቀዳ ሰው ቀድቶ ይሄዳል፤ የሚወርድ ሰው ግን ይቀመጣል» ሲሉ መለሱልኝ። መንገደኛ ነጋዴ ከሐሩር የሚያርፈው፥ ሴቶች የሚጨዋወቱት፥ ሙሽሮች የሚባረኩት በዚያ ነበር። በልጅነታቸው መንደር፥ ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ደለል ለማውጣት ሰው ሁሉ ይጠራ እንደ ነበር ነገሩኝ። ያን ጊዜ የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ትዝ አለኝ። ለጥምቀት በየዓመቱ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ስለሚገባበት፥ ቦዩን የሚጠርግ፥ ግንቡን የሚመለከት ሰው አላጣም። እኔ ግን ያን የገጠር ጉድጓድ ስነድፍ ለውኃው እንጂ ለሚቀመጠው ሰው ቦታ አልተውሁም፤ የሚጠርግበትንም ቀን ከማንም ጋር አልተማከርሁም።

ልማድን እንዲህ ሳመሰግን ግን መምህሩ በዝምታ ቆይተው፥ «ልጄ፥ ወደ ውኃ ሁሉም ሰው ይወርድ ነበር ብለህ አትመለስ» አሉኝ። በዘር መደብ «የማይነኩ» የተባሉት ዳሊቶች ከብዙ መንደሮች የጋራ ጉድጓድና ኩሬ ተከልክለው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ወገን የተወለዱት ዶክተር አምቤድካር፥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1927 በምዕራብ ሕንድ በማሃድ ከተማ እጅግ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ቻቭዳር ኩሬ ወረዱና ከውኃው ጠጡ። ነገሩ ለፍርድ ቀርቦ፥ እ.ኤ.አ. በ1937 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለእነርሱ ፈረደ። ኋላም አምቤድካር የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ያ ሕግ በ15ኛው አንቀጽ ጉድጓድን፥ ኩሬንና የመታጠቢያ ስፍራን በስም ጠርቶ ማንም በዘር መደቡ እንዳይከለከል ያዝዛል። ስለ ጉድጓድ የሚናገር ሕገ መንግሥት መኖሩን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አዲሱም ነገር ቢሆን ጉዳት አልጎደለውም። ቧንቧና የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲመጣ የደረጃማ ጉድጓዶቹ ጉዳይ ተረሳ፤ ብዙዎቹ የቆሻሻ መጣያ ሆኑ። በሰሜን ጉጅራት ፓምፖቹ ከልክ በላይ ስለ ሳቡ የከርሰ ምድሩ ውኃ እየራቀ ሄዷል።

ወደ አገሬ ስመለስ ወደዚያ ቀበሌ ሄጄ ሽማግሌዎችን፥ ይልቁንም ሴቶችን ሰበሰብሁ። «ምንጩ የእኛ ነው» ያሉኝን እናትም አገኘኋቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን «እኛ ማን ማን ነን?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ሸክላ ሠሪዎቹ ቤተ ሰቦች ከብት ከሚጠጣበት በታች እየቀዱ እንደሚኖሩ ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው። ሁለት ዓመት ስመላለስበት በነበረው ቀበሌ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር። ብዙዎቻችን ይህን ዓይነቱን ልማድ የሌላ አገር በሽታ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ እኔም ለመምህሩ ያዘንሁላቸው በዚህ አሳብ ነበር።

ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ምንጩን በነበረበት ቦታ በግንብ ከለልን፤ ውኃው የሚወርድባቸው አራት ቧንቧዎች በአንድ ግድግዳ ላይ፥ በእኩል ከፍታ ተተከሉ። የከብቱ ገንዳ ከሁሉም በታች ሆነ፤ ለሚያርፍ ሰው በዛፉ ጥላ ሥር የድንጋይ መቀመጫ ተሠራ። የጽዳቱን ቀን ዕድሩ ራሱ ቆረጠ፤ በጽዳቱም ሸክላ ሠሪዎቹ ከሌላው ጋር ይወጣሉ። ሥራው ገና አንድ ክረምት ብቻ ስላለፈው ተሳክቷል ብዬ አልመካም። ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ላለመገናኘት ገና ሳይነጋ መጥተው የሚቀዱ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። ባለፈው ወር ስሄድ ግን ከቧንቧዎቹ አንዱ ላልቶ፥ ሳይነግሩኝ ራሳቸው አጥብቀውት አገኘሁ።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፤ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ሁሉ ሐውልቱንና ግንቡን ለክታችሁ ብቻ እንዳትመለሱ አደራ እላለሁ። ማን እንደሚጠርገው፥ ማን እንደሚቀመጥበትና ማን እንዳይገባ እንደ ተከለከለ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥያቄ በየሥራ ቦታችሁ ጠይቁ፤ እኔ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው።