ራሱን የሚያስተዳድር ትምህርት ቤት ሒሳቡን ለማን ይሰጣል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ራሳቸውን በሚያስተዳድሩ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተጠያቂነትን ስለ ማጠንከር» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ይመስለኛል። ይኸውም ገንዘብ የመቀበል፣ ዕቅድ የማውጣትና ሥራ የማሠራት ሥልጣን የተሰጠው ትምህርት ቤት በሥልጣኑ ምን እንደ ሠራበት ለማን ይናገራል? ሰሚውስ ከሰማ በኋላ ምን ሊያደርግ ይችላል? የሚለው ነው።

በአገራችን ትምህርት ቤት በኮሚቴ መመራቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ከተዛወሩ በኋላ «የሕዝብ ትምህርት ቤት» እየተባሉ፣ ከወላጆች በሚሰበሰብ ክፍያና በተመረጠ ኮሚቴ ይተዳደሩ እንደ ነበር በዕድሜ የገፋን መምህራን እናስታውሳለን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ያልተማከለ እንዲሆን ወሰነ፤ የ1994 ዓ.ም. መመሪያ ደግሞ የወላጅ መምህር ኅብረትንና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድን ተግባር ዘረዘረ። በኋላም በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር የተሰላ ድጎማ ለትምህርት ቤቶች መሰጠት ሲጀምር፣ ኮሚቴው ከምክር ሰጪነት አልፎ ገንዘብ አዛዥ ሆነ። እንግዲህ ደንብ ጎደለን ለማለት አንችልም። የጎደለው ሌላ ነው።

የወላጆችን ስብሰባ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አጀንዳውን የሚያዘጋጀው ርእሰ መምህሩ ነው። ሪፖርቱን የሚያነበውም እርሱ ነው። በብዙ ቦታ ቃለ ጉባኤውን የሚይዘውም ጸሐፊ ሆኖ እርሱ ራሱ ነው። ገበሬው ከማሳው፣ እናቲቱም ከገበያ ቀርተው መጥተው ግማሽ ቀን ከተቀመጡ በኋላ «ለጽሕፈት መሣሪያ ይህን ያህል፣ ለጥገና ይህን ያህል፣ ለልዩ ልዩ ይህን ያህል» የሚል ይነበብላቸዋል። «ልዩ ልዩ» ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይገኝም፤ ቢጠይቅም ልጁ ነገ በዚያው ትምህርት ቤት እንደሚማር አይዘነጋውም። ከዚያ ጭብጨባ ይከተላል፣ ፊርማም ይፈረማል። በዚህ ስብሰባ ማንም አልሰረቀ ይሆናል፤ ነገር ግን ሒሳብ ተሰጠ ለማለት አይቻልም። ሒሳብ ሰጪውና የሰሚው ጸሐፊ አንድ ሰው በሆኑበት ቦታ የሚቀርበው መግለጫ እንጂ ሒሳብ አይደለም።

ርእሰ መምህሩን ብቻ በመውቀስ ደግሞ ነገሩ አይፈታም። መምህር የሚመድብለት ወረዳው ነው፤ መጽሐፍ የሚደርሰው ከላይ ነው፤ ድጎማውም ሲዘገይ ምክንያቱን የሚነግረው የለም። በእጁ ለሌለ ነገር የሚጠየቅ ሰው በእጁ ስላለውም ነገር መልስ ላለመስጠት ሰበብ ያገኛል። ስለሆነም ከትምህርት ቤቱ በፊት ሒሳብ መስጠት ያለበት ገንዘቡን የሚልከው ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ የዩጋንዳ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1995 በነበሩት ዓመታት ማዕከላዊው መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር እያሰላ የሚልከው ድጎማ የት እንደሚደርስ 250 በሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ተጠንቶ፣ በአማካይ ከ100 ብር 13 ብር ያህሉ ብቻ ትምህርት ቤት ይደርስ እንደ ነበር ታወቀ (ገንዘቡ ሽልንግ ነው፤ ለማስረዳት ያህል በብር ተናገርሁ)። የቀረው በአውራጃ አስተዳደሮች እጅ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየአውራጃው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ያወጣ ጀመር፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 ትምህርት ቤት የሚደርሰው ከመቶ 80 በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ጊዜ ሌሎች የአሠራር ማሻሻያዎች ስለ ነበሩ ለውጡን ሁሉ ለጋዜጣው መስጠት አይገባም። ሆኖም ርእሰ መምህሩና ወላጁ ምን እንደ ተላከ ካላወቁ ምን እንደ ጎደለ ሊጠይቁ እንደማይችሉ ግልጽ ነው።

የእኛ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችስ? ለየትምህርት ቤቱ የተላከውን ገንዘብና የተላከበትን ቀን በአንድ ወረቀት ጽፈው በየቀበሌው ሰሌዳ ለመለጠፍ የሚያስወጣቸው ከወረቀትና ከሙጫ ዋጋ አይበልጥም። አንድ ሺህ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት በነፍስ ወከፍ 50 ብር ቢመደብ 50,000 ብር ይሆናል፤ ይህን ስሌት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ለወላጁ ያሰላለታል።

ኮሚቴውን በሥልጠና ማጠንከር ሁልጊዜ የሚቀርብ መፍትሔ ነው፤ እኔም የማልቃወመው። ነገር ግን በኢንዶኔዥያ፣ በማዕከላዊ ጃቫና በዮግያካርታ፣ 520 በሚሆኑ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ሙከራ ሊያሳስበን ይገባል። ኮሚቴዎቹ ሥልጠና ወይም ገንዘብ ብቻ በተሰጣቸው ጊዜ በተማሪዎች ዕውቀት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ለውጥ የታየው ኮሚቴው ከመንደሩ ምክር ቤት ጋር ተገናኝቶ በጋራ እንዲያቅድ ሲደረግ ነበር፤ በተለይም የኮሚቴው አባሎች በምርጫ ሲሰየሙ። ብቻውን የቆመ ኮሚቴ ቢያውቅም አይሰማም። የቀበሌ ትምህርት ቦርድ እዚህ ላይ ይጠቅመን ነበር፤ ግን በብዙ ቦታ ቦርዱ በወረቀት ላይ የሚኖር ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። እስካሁን የተናገርሁት ስለ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ የሚቆጠር ስለሆነ ይቀላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ደረሰኛቸው የተሟላ፣ ቃለ ጉባኤያቸው በማኅደር የተቀመጠ፣ የማሻሻያ ዕቅዳቸውም በየዓመቱ የጸደቀ እንደማይታጡ አልጠራጠርም። ከዓመት በፊት ወላጁ ልጁ ማንበብ እንዳቃተው የሚያውቅበት ወረቀት ግን አልነበረውም። በእጁ የነበረው የክፍል ውጤት ነው፤ እርሱም «ተዛውሯል» ይላል።

በዚህ ላይ ለራሳችን ለመምህራን የምናገረው አለኝ። ተጠያቂነት ሲነሣ ደመወዛችን ማነሱን፣ ክፍሉ መጨናነቁን፣ መጽሐፉ አለመድረሱን እንናገራለን፤ ሁሉም እውነት ነው። ቢሆንም ክፍል ውስጥ ገብተን ማስተማራችን፣ ያልገባውን ተማሪ ለይተን ማወቃችን በእጃችን ያለ ነው። ለፈተና ውጤት ብቻ ተጠያቂ ሁኑ ብንባል ማኅበራችን ሊቃወም ይገባል፤ ተማሪው ከየት ተነሥቶ እንደ መጣ ውጤቱ ብቻውን አይነግረንምና። ስለ ሰዓታችንና ስለ ሥራችን መጠየቅን ግን ልንቃወም አይገባም።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች መዝኖ በአራት ደረጃ ይመድባል፤ ለግብአት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ከመቶ ይሰጣል። ሚዛኑ በእኔ ግምት ጥሩ ነው። ነገር ግን ሪፖርቱ ከወረዳው መደርደሪያና ከርእሰ መምህሩ መሳቢያ አልፎ ለወላጁ ካልደረሰ ለማን ተመዘነ?

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ጥቂት ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በርእሰ መምህሩ ሳይሆን ወላጆች በመረጡት ሰው ይያዝ፤ በየቀበሌው ጽሕፈት የሚችል አይታጣም። «ልዩ ልዩ» የሚለው መደብ ከሪፖርቱ ይውጣ። የኢንስፔክሽኑ ውጤት በአንድ ገጽ፣ ወላጆች በሚናገሩት ቋንቋ ተጽፎ በስብሰባው ላይ በተማሪ ይነበብ። በየመንፈቁ እያንዳንዱ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል መምህር ስንት ልጆች አንድ አንቀጽ አንብበው መረዳት እንደቻሉ፣ ስንቶቹም እንዳልቻሉ ቁጥሩን ለወላጆች ይናገር፤ የልጆቹ ስም አይጠራ። ማኅበራችንም በበኩሉ ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፎ፣ የተላከው ድጎማ መጠንና ቀን መስከረም ሳያልቅ እንዲለጠፍ ይጠይቅ። ደብዳቤውን ለማርቀቅ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።